የኋሊት መሄድ የሚችሉ ሰዎች፦ የአይስ ሆኪ ተከላካይ ማየት እየተማርኩ ነው (አምስተኛ ወር)

ባለፈው ስጽፍላችሁ ጆሽ ማንሰንን ከኮሎራዶ አቫላንች (የዴንቨሩ የሆኪ ቡድን) ተከላካዮች ሁለተኛ አድርጌው ነበር። ቃሌን አጥፌያለሁ። ምክንያቱ ትንሽ ያሳፍራል፤ መቀመጫዬን እስካሁን ያመኛል።

አዲስ ለገባችሁ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሆኪ ያስጀመረኝ አውሮራ፣ ኮሎራዶ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። አውሮራ ከዴንቨር ጋር የተያያዘች ከተማ ናት፤ ሐበሻ ሞልቶባታል። እዚያ ማታ 1 ሰዓት ላይ ጨዋታ ሲጀመር፣ በእነሱ ክረምት እዚህ ሌሊት 11 ሰዓት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ከአዛኑ ጋር እየተነሳሁ በቀጥታ አይ ነበር። አልዘለቅኩበትም። 12 ተኩል ላይ ታክሲ ሰልፍ ካልያዝኩ ሥራ አረፍዳለሁ፣ መብራቱም ልክ ጨዋታው ሲሞቅ ድርግም ይላል።

ስለዚህ ዘዴ ቀየርኩ። አቫላንች በ2022 ዋንጫ የወሰዱበትን የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች በሌሊት ፓኬጅ እያወረድኩ፣ እየመለስኩ አያለሁ። ውጤቱን ስለማውቀው ልቤ አይመታም። ዓይኔም ፓኩን (እንደ ኳስ የሚመቱትን ጠፍጣፋ ጎማ) ትቶ ተከላካዮቹ ላይ መቆየት ቻለ። ይህን ሞክሩት፤ ሌላ ጨዋታ ነው የሚሆንባችሁ። በረዶው ላይ ከበረኛው ሌላ አምስት ሰው አለ፣ ሁለቱ ተከላካይ ናቸው። ለአንድ ጨዋታ ስድስት ተከላካይ በሦስት ጥንድ ይሰለፋል፤ አንድ ጥንድ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው እየተቀያየረ ይወጣል። ደብተር ይዤ በየጥንዱ ጭረት አደርጋለሁ፦ ፓኩን በንጹህ አወጡ፣ ወይስ ዝም ብለው ጠለዙ?

ማንሰንን የወደድኩት እግር ኳስ ባሳደገው ዓይን ስላየሁት ነው። እኛ ሰፈር ጎበዝ ተከላካይ ማለት አጥቂውን ጠራርጎ የሚያስወጣ ነው። ማንሰን ደግሞ ይገጫል። በዚያ ላይ ከሴንት ሉዊስ ጋር በመጀመሪያው ጨዋታ ጭማሪ ሰዓት ላይ የማሸነፊያውን ጎል ያገባው እሱ ነው። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ጭረቶቼ ግን ሌላ ነገር ይሉ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ያኔ ነው ቅዳሜ ጠዋት ራሴን መፈተን ያማረኝ።

ከብሎካችን ጀርባ መኪና እምብዛም የማያልፍበት አስፋልት አለ። የሰፈሩ ልጆች ሮለር ይነዱበታል። የጎረቤቴን ልጅ ለመንኩት፤ 11 ዓመቱ ነው፣ እንደ ንፋስ ነው የሚበረው። እኔ ሮለር ተከራይቼ አጎቴ ከገጠር ያመጣልኝን የገና ዱላ ያዝኩ። እሱ የመጥረጊያ እንጨት ያዘ። ፓካችን ያረጀች የቴኒስ ኳስ ናት። የእኔ ሥራ የኋሊት እየተንሸራተትኩ እሱን ማስቆም ነው።

በመጀመሪያው ሙከራ ልጁ ሳይደርስብኝ ወደቅኩ። በረንዳ ላይ በርበሬ የሚያሰጡት እማማ ጮክ ብለው «አንተ ልጅ፣ ምን አሳድዶህ ነው የኋሊት የምትሸሸው?» አሉኝ። ልጆቹ ሳቁ። በሁለተኛው ቆሜ ቀረሁ፤ ግን በጣም ርቄው ስለነበር ልጁ ተዝናንቶ፣ በየት እንደሚያልፍ መርጦ አለፈ። በሦስተኛው ተጠጋሁት። አንድ እርምጃ ወደ ጎን፣ አበቃ፤ ጀርባውን ነው ያየሁት። በአራተኛው ዓይኔን ኳሷ ላይ ተከልኩ። ኳሷን ወደ ግራ ላካት፣ እኔም ወደ ግራ ሄድኩ፣ እሱ ግን በቀኝ።

በአምስተኛው ደረቱን ብቻ አየሁ። ዱላዬን ዘርግቼ ጫፉን መሬት አስነካሁ። በመሀላችን አንድ ዱላ የሚያህል ርቀት ጠብቄ አብሬው ሄድኩ። መሀሉ ዝግ ሲሆንበት ልጁ ራሱ ወደ ዳር ወጣ። ዳር ላይ ቦይ አለ። ኳሷ እዚያ ገባች። እኔ ምንም አልነካሁም! ልጁም ተናደደ፣ «ምንም ሳታደርግ!» እያለ።

ከሰዓት በኋላ ወገቤን እያሸሁ ስልኬን ከፈትኩና ሌላውን የአቫላንች ተከላካይ፣ ዴቨን ቴቭስን አየሁት። (የስሙን የእንግሊዝኛ ፊደል እያየሁ ለወራት «ቶውስ» ስለው ነበር። የአክስቴ ልጅ እየሰማ ዝም ብሎኛል፤ ይቅር አይለው።) ቴቭስ የሚያደርገው አምስተኛዋን ሙከራዬን ነው። በሙሉ ፍጥነት የኋሊት ይሄዳል። ዱላው ሁሌ በረዶው ላይ፣ ኳሱ ሊያልፍበት በሚችለው መንገድ ላይ ነው። ኳስ አልኩ፣ ፓኩ። አጥቂው መሀሉን ሲያጣ ወደ ግድግዳው ይወጣል፣ እዚያ ፓኩ ይቀራል፣ ቴቭስ ያነሳል፣ በአንድ ቅብብል ይወጣል። ተመልካች አያጨበጭብም፤ ምን ተደረገና? ይህን ሰው በ2020 ከኒው ዮርክ አይላንደርስ ያመጡት በሁለት የሁለተኛ ዙር ምርጫ (አዳዲስ ልጆችን በተራ የመምረጥ መብት) ብቻ ነው። ከኤድመንተን ጋር የነበረውን ዙር እዩት። የኤድመንተኑ ኮነር ማክዴቪድ በዓለም ላይ አለ የተባለ ፈጣን ሰው ነው፤ አቫላንች ግን 4 ለ 0 አሸነፉ።

የቴቭስ የጥንድ ጓደኛ ኬል ማካር ነው። ስለ እሱ መጻፍ ቀላል ስለሆነ እስካሁን ሸሸሁት። በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር 28 ጎል አገባ፣ ተከላካይ ሆኖ። በጥሎ ማለፉ በ20 ጨዋታ 29 ነጥብ (ያገባውም ያቀበለውም ተደምሮ) አገኘ። የዓመቱን ምርጥ ተከላካይ የኖሪስ ሽልማትንም፣ የጥሎ ማለፉን ምርጥ ተጫዋች የኮን ስማይዝ ሽልማትንም ወሰደ፤ ሁለቱን በአንድ ዓመት የያዙ ተከላካዮች ከእሱ በፊት ቦቢ ኦርና ኒክላስ ሊድስትሮም ብቻ ናቸው።

አንዳንዶቻችሁ «ቴቭስ ባይኖር ማካር እንዲህ ወደፊት አይሄድም ነበር» ትላላችሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ከኤድመንተን ጋር የመጀመሪያውን ጨዋታ ካየሁ በኋላ ግን ተውኩት። ሕጉ እንዲህ ነው፦ አጥቂ ከፓኩ ቀድሞ ሰማያዊውን መስመር (የተጋጣሚው ክልል የሚጀምርበትን) ካለፈ ከጨዋታ ውጪ ነው። ነገር ግን ውስጥ የቀረው ጓደኛ ተመልሶ መስመሩን እስኪነካ ድረስ ከቡድኑ ማንም ፓኩን ካልነካ ጨዋታው ይቀጥላል። ማካር ፓኩን ገፋ አድርጎ መስመሩን አሳለፋት። የቡድን ጓደኛው ኒቹሽኪን ገና ውስጥ ነበር። ማካር ከፓኩ ጋር እኩል እየሄደ፣ ዱላውን ሳያስነካት ቆየ። ኒቹሽኪን መስመሩን ሲነካ፣ ያኔ ነካት፣ መትቶም አገባት። የኤድመንተን አሰልጣኝ አቤት አሉ። ጎሉ ጸደቀ፤ ኤድመንተኖች በከንቱ አቤቱታ የሁለት ደቂቃ ቅጣት (በአንድ ሰው ጎድሎ መጫወት) ተጨመረባቸው፣ በዚያም ሌላ ጎል ገባባቸው። 8 ለ 6 አለቀ። ይህን የሚያደርግ ሰው ዝም ብሎ ወደፊት የሚጋልብ አይደለም። አሥር ጊዜ መልሼ አየሁት፣ የሌሊት ፓኬጄን በላብኝ እንጂ አልጠገብኩትም።

የገና ጨዋታ ያደጋችሁበት ካላችሁ ይገባችኋል። እኛ ሩሯን ያየን ሁሉ ወደ ሩሯ ነው የምንሮጠው። «በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ» እየተባለ ቁርጭምጭሚት ይመታል እንጂ፣ ሩሯን አጠገቡ እያያት ዱላውን የሚይዝ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሌሎቹን በአጭሩ። ማንሰን አሁንም ጥሩ ነው፤ ግን ሊገጭ ወጥቶ የሳተው ጊዜ የጥንድ ጓደኛው ጃክ ጆንሰን ብቻውን ከሁለት ሰው ጋር ይፋጠጣል። የጭረቶቼ ምስጢር ይህ ነበር። አራተኛ አድርጌዋለሁ። ሳሙኤል ዢራርን ሚጢጢ ነው ብዬ ንቄው ነበር። ፓኩን ከጥግ ሲያወጣ አጥቂውን በአንድ ዙር ያደናብረዋል፣ ከዚያ ዓመት ቡድን ሦስተኛው እሱ ነው። ያሳዝናል፣ ሴንት ሉዊስ ላይ በሦስተኛው ጨዋታ የደረት አጥንቱ ተሰብሮ ዋንጫው ሲነሳ አልተጫወተም። ቦወን ባይራም 21 ዓመት የሞላው ፍጻሜው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ እግሩ ያምራል፣ ትዕግሥቱ ይጎድል ነበር። በ2024 ወደ በፋሎ ለወጡት፤ እኔ ብሆን አላደርገውም። ኤሪክ ጆንሰን ላይ ገና አልደረስኩም። ካፒቴኑ ላንደስኮግ ዋንጫውን መጀመሪያ ያቀበለው ለእሱ መሆኑን ብቻ አውቃለሁ።

ጊዜ የሌላችሁ አንድ ነገር ብቻ እዩ፦ የፍጻሜውን ስድስተኛ ጨዋታ ሦስተኛ ክፍል። አቫላንች 2 ለ 1 እየመሩ ነው። ታምፓ የሁለቱን ያለፉ ዓመታት ዋንጫ የወሰደ ቡድን ነው፣ ያውም በሜዳው። በዚያ 20 ደቂቃ ታምፓዎች ወደ ጎል የላኩት ምት በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል። ድምፁን አጥፍታችሁ ዱላዎቹን ብቻ ተመልከቱ። መሀሉ ዝግ ነው፤ ታምፓዎች ደጋግመው ወደ ዳር፣ ወደ ቦዩ ይወጣሉ።

ትናንት ልጁ በሩን አንኳኳ። ሮለሩን አድርጎ ነው ደረጃውን የወጣው፣ እናቱ ብታይ ጉድ ነው። «ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ አጥቂ ይሁኑ» አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ የኋሊት መሄድ ሲለማመድ ነበር ለካ። ሦስቴ ሞከርኩት። ሦስቴም ቦይ ገባሁ።