የሚያስለቅስ እንዳታመጪ

እሁድ አመሻሽ።

ዝናቡ እንዳባራ ሐዋሳ ላይ የሚወርደው ብርሃን ሆድ ያባባል። ሐይቁ የቀለጠ እርሳስ ይመስላል፣ ታቦር ጥቁር ካባ ደርቧል፣ በፍቅር ሐይቅ በኩል የሚመጣው ነፋስ የራሰ ሣርና የዓሣ ሽታ ይዞ በመስኮት ይገባል። በዚህ መሃል ጓደኛዬ ደወለች። «ማታ አንድ ፊልም እንይ። ግን አደራ፣ የሚያስለቅስ እንዳታመጪ። ለቅሶ እንደሆነ በየቤቱ ሞልቷል» አለችኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት፤ ቃሏ ግን አብሮኝ ቀረ።

እውነቷን ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ውሎ፣ የቤት ኪራዩንና የዘይቱን ነገር ሲያሰላ አምሽቶ፣ በገዛ ገንዘቡ ሐዘን ለምን ይግዛ? ፊልም ሠሪው ደግሞ አገር እንዲህ ሆና በምን አንጀቴ ላስቅ ይላል። እሱም እውነቱን ነው። ሁለቱም ግን ሳቅና እንባ በተለያየ ሱቅ የሚሸጡ ዕቃዎች ይመስሏቸዋል። እንዲህ ያለ ክርክር በተነሣ ቁጥር የእኔ ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ለቅሶ ቤት ነው።

ለቅሶ ቤት ሁለት ባለሙያ አለው። አንዷ አልቃሿ ናት። ጎበዝ አልቃሽ አፏን ከመክፈቷ በፊት ትጠይቃለች፦ ሟቹ ምን ይሠራ ነበር? ስንት ልጅ አለው? ማታ ሲገባ በር ላይ ቆሞ ማንን ይጣራ ነበር? «ሞተ» የሚለው ቃል ማንንም አያስለቅስም፤ እሱንማ ድንኳኑ ተናግሮታል። አንጀት የሚበላው ያ በር ላይ የሚጣራው ድምፅ ነው። ሌላው ባለሙያ በሣልስቱ ግድም ይመጣል። ካርታው ወጥቷል፣ ቡናው ይዞራል፣ እሱ ጥጉን ይዞ የሟቹን የልጅነት ጉድ እያነሣ ሰው ያስቃል። ማንም ነውር ነው አይለውም፤ እንዲያውም «እስቲ አጫውታቸው» ተብሎ ይለመናል። ጨዋታ የሚለው ቃላችን እንዴት ሰፊ ነው! የልጆቹ ሩጫም ጨዋታ ነው፣ ወሬም ጨዋታ ነው፣ ሐዘንተኛን ማበርታትም ጨዋታ ነው።

እዚያ መጀመሪያ እንባ ነው፣ ከዚያ ሳቅ። ፊልም ላይ ግን ተራው ይገለበጣል፤ መገለበጥም አለበት ብዬ አምናለሁ። ሐዘንተኛ ሐዘኑን ከቤቱ አለው፤ ተመልካች ግን ባዶ እጁን ነው የሚገባው። ገና ስሟን ያልሰማውን ሴት ሆስፒታል አልጋ ላይ ብታሳየው ከንፈሩን ይመጥላታል እንጂ አያለቅስላትም፤ አያውቃትማ! ሰውን ከሰው ቶሎ የሚያስተዋውቀው ሳቅ ነው። በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች አብረናት ከሳቅን፣ በ80ኛው ደቂቃ ስትወድቅ የወደቀችው ዘመዳችን ናት።

ቻርሊ ቻፕሊን ይህን ያውቅ ነበር። በ1919 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ልጁ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ሞተበት። ብዙም ሳይቆይ ተጥሎ ስለተገኘ ሕፃን ፊልም መቅረጽ ጀመረ፤ «ዘ ኪድ» በ1921 ለሕዝብ ቀረበ። ሐዘኑ ያን ያህል ትኩስ ሆኖ ሳለ ፊልሙን በምን ሞላው? ልጁ ቀድሞ እየሮጠ የሰው መስኮት በድንጋይ ይሰብራል፣ አሳዳጊው መስታወት በጀርባው አዝሎ እንዳጋጣሚ ብቅ ይልና ጠግኖ ገንዘብ ይቀበላል። እየሳቅን የሁለቱን ኑሮ እንለምደዋለን። ከዚያ የሕፃናት ማሳደጊያ ሰዎች መጥተው ልጁን መኪና ላይ ይጭኑታል፤ እጁን ዘርግቶ ያለቅሳል፣ አሳዳጊው በየጣሪያው ላይ ይሮጣል። መስኮት ሲሰብር ባንስቅ ኖሮ መኪናው ላይ ያለው የማናውቀው የሰው ልጅ ነበር።

የእኛ ከባድ ፊልሞች ላይ የሚቆጨኝ ታሪኩ ጥሩ ሆኖ ሳለ አሠራሩ ሲያበላሸው ነው። እንባውን እንኳ እንይ። ብዙ ጊዜ ግሊሰሪን በዓይን ሥር ይንጠባጠባል፤ በመብራት ሙቀት ቶሎ ስለማይደርቅ ለቀረጻ ይመቻል። ግን ወፍራም ነው፣ ፊት በቅርበት ሲቀረጽ የዘይት ጠብታ ይመስላል። ዓይኑ ሳይቀላ፣ አፍንጫው ሳይረጥብ፣ ድምፁ ሳይታፈን ጉንጭ ላይ ብቻ የሚወርድ እንባ ውሸት እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል። ሜንቶል ይሻላል፤ ከዓይን በታች ቆዳው ላይ በስሱ ይቀባል፣ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ ነው፣ እንባውን ራሱ ይጠራዋል። የእሱም ጣጣ አለው፦ ያው ትዕይንት ደጋግሞ በተቀረጸ ቁጥር ዓይን ያብጥና ኋላ የተቀረጸው ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ የቅርቡ ፊት ቀድሞ፣ ሰፊው ትዕይንት ኋላ ይቀረጽ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን እንባውን ለመያዝ የምትታገል ተዋናይት ናት። ከንፈሯን ነክሳ ሰሐን የምታጥበዋን ሴት እያየ ተመልካቹ ያለቅስላታል። እሷ ቀድማ ከተንሰቀሰቀች ለእሱ ምን ተረፈው?

ሙዚቃውም እንዲሁ። ገና በሩ ሳይከፈት ኪቦርድ ላይ ያለው ቫዮሊን ማልቀስ ከጀመረ ለተመልካቹ «አሁን እዘን» ተብሎ ታዘዘ ማለት ነው፤ የታዘዘ ልብ ደግሞ ይደነድናል። ፊቱ ተለውጦ 3 ወይም 4 ሰከንድ በዝምታ ካለፈ በኋላ ነው መግባት ያለበት። ደግሞስ የትዝታ ቅኝት እያለልን! ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከእነዚህ ውስጥ «ሚ» እና «ላ» ብቻ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ያው ዜማ ሌላ ሰው ይሆናል። አንዲት አጭር ዜማ በሳቁ ትዕይንት ላይ በመጀመሪያው ቅኝት በማሲንቆ ትሰማ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ በዝቅተኛው ትመለስ። ተመልካቹ ምን እንደነካው ሳያውቅ ጆሮው ያስታውሳል።

ማሳቅን ቀላል አድርገው የሚያዩት ደግሞ ያናድዱኛል። አሜሪካውያኑ ኮሜዲያን የማርክስ ወንድማማቾች በ1935 እ.ኤ.አ. ለወጣው «ኤ ናይት አት ዘ ኦፔራ» ፊልማቸው ከቀረጻው በፊት ትዕይንቶቹን መድረክ ላይ ይዘው ዞረዋል፤ የትኛው ቃል እንደሚያስቅና ሳቁ ምን ያህል እንደሚቆይ ለመለካት። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው። ከሚያስቀው ቃል በኋላ አንድ ሰከንድ ተኩል፣ ማለትም 36 ፍሬም ያህል ካልተተወ፣ ቀጣዩ ንግግር በሳቁ ውስጥ ይሰጥማል። ባዶ ከተተወ ደግሞ ብቻውን በስልክ ለሚያየው ሰው ፊልሙ የቆመ ይመስለዋል። ያንን ክፍተት የሰሚው ፊት ይሙላው፤ ለአዳራሹም ለስልኩም ይሆናል። አወዳደቅም እንዲሁ ነው። ሰውዬው ጭቃ ላይ ሲንሸራተት ሰፊ በሚያሳየው በ24 ሚሊሜትር ሌንስ ከእግር እስከ ራሱ ከታየ ያስቃል። አቅርቦ በሚያሳየው በ85 ሚሊሜትር ወደ ተላጠው ጉልበቱ ከተጠጋን ሳቁ ይጠፋል፤ ያመናል። ያው ሰው፣ ያው ጭቃ።

ሁሉም ነገር በሳቅ ይጀመር ማለቴ አይደለም። ጠለፋን በጨዋታ ማሳየት አይገባም፤ የተደፈረች ልጅ ታሪክ ክብደቱን ይዞ ነው መነገር ያለበት። ስለ ጠለፋ የሚተርከው የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የተሸለመው በዳኞች ሳይሆን በተመልካች ድምፅ ነው። ሕዝብ ሳቅ ብቻ ነው የሚፈልገው ለሚለው ሰው ይህን እነግረዋለሁ።

ይህን ሁሉ ጽፌ ወደ ላይ ስመለስ ግን አንድ ቃል ያዘኝ። ተመልካች ባዶ እጁን ይገባል ብያለሁ። ዛሬም እንደዚያ ነው? ካለፉት ዓመታት በኋላ ስንቱ ነው ድንኳን ሳይጥል፣ አስከሬን ሳያይ፣ መርዶውን በስልክ ሰምቶ በማግስቱ ሥራ የገባው? ያ ሰው ጨለማው አዳራሽ ውስጥ ሲቀመጥ ሐዘኑን ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ እንደ ለቅሶ ቤቱ ሰው ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ ተራው መልሶ ሊገለበጥ ነው። እርሙን ያላወጣ ሰው ቀድሞ መሳቅ ይሆንለታል ወይስ መጀመሪያ አልቃሿን ነው የሚፈልገው?