ጦስኝ በቀለም ጣሳ

እናቴ የመንዝ ሰው ናት። ሐረር ከገባች ዘመን ቢያልፍም፣ ቤታችን ሳል ሲገባ የሚፈላው ጦስኝ ነው። ሽሮዋም በርበሬዋም ያለ እሱ አይሆኑም። ሁልጊዜ ግን የደረቀ ነው። እኔ እርጥቡን ከደጄ ቆርጬ ሻይ ውስጥ መጣል ፈለግሁ።

ጦስኝ የደጋ ቅጠል ነው። ከ2,200 እስከ 4,000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ፣ በመንዝ፣ በጣርማበርና በባሌ ተራሮች ይበቅላል። ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የነገርኩት ሁሉ «አቦ ተይው፣ ይሄ የውርጭ አገር ቅጠል ነው» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ተራራው ላይ ውርጩን ብቻ አላየሁም። አፈሩ ስስ ነው፣ ድንጋይ ይበዛዋል፣ ዝናቡ ወርዶ አይቆምበትም፣ ፀሐዩም አይጋረድም። ውርጩን ማምጣት አልችልም፤ ሌላውን ግን ጣሳ ውስጥ መሥራት ይቻላል።

መጀመሪያ ዘሩ። ለሻይ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ አበባው ላይ እያለ የታጨደ ስለሆነ ፍሬው አልበሰለም። አክስቴን አበባው ደርቆ ቡናማ እስኪሆን ጠብቃ ራስ ራሱን በመቀስ እንድትቆርጥልኝ ለመንኳት። በመቀስ ያልኩት ከነሥሩ የተነቀለ ጦስኝ ለከርሞ ስለማይገኝ ነው። የደረቀውን በመዳፌ አሽቼ በሻይ ማጥለያ ነፋሁት። በእያንዳንዱ የአበባ ቋት ውስጥ ቢበዛ አራት ፍሬ ነው ያለው፤ መጠኑም ከጤፍ አይበልጥም። እፍ ስትሉ ተጠንቀቁ፣ ከገለባው ጋር ይሄዳል።

የዘራሁት መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። የክረምቱ ዝናብ እንዲህ ያለውን ዘር ጠራርጎ ይወስደዋል። በቀለም ጣሳ ቂጥ ላይ በጋለ ምስማር ብዙ ቀዳዳ በሳሁ። አንድ እጅ የጓሮ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ ግማሽ እጅ ደቃቅ ጠጠር ቀላቀልሁ። ፍግ የለም። ጎረቤታችን የፍየል በጠጥ ይዛልኝ መጥታ ነበር፤ ለቃሪያዬ አደረግሁት። የጠገበ አፈር ላይ ጦስኝ ለስልሶ ይረዝማል፣ ሽታው ግን ይደክማል።

ዘሩን አፈር አታልብሱት። ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ላዩ ላይ በትነው በመዳፍ ጫን ማድረግ ይበቃል። ውሃም ከላይ አይፈስም። ሳፋ ውስጥ ትንሽ ውሃ አድርጌ ጣሳውን አስቀምጥበታለሁ፤ የአፈሩ ፊት ሲረጥብ አወጣዋለሁ። ውሃ በፈረቃ ለምናገኝ ሰዎች ይሄ ዘዴ ለጀሪካኑም ይራራል። ላዩን በነጭ ላስቲክ ከሸፈንኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ አረንጓዴ ነጠብጣብ ታየ። ላስቲኩ በዚያው ዕለት ተነሣ። ከዚያ በኋላ የታፈነ ችግኝ ሻጋታ ይይዘውና ከአንገቱ ቀጥኖ ይወድቃል። ዛሬ አረንጓዴ ያያችሁትን ነገ ተጋድሞ ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ ያለው ወሬ የለውም፣ መጠበቅ ነው። ጦስኝ ሲያድግ ዘገምተኛ ነው። መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ ሰጠሁት፣ ሥር ሲይዝ ሙሉ ቀን። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከትቼ ደረቅ ካልሆነ አላጠጣም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሐረር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ጠነከረ። ድሬ ላለችው እህቴ የሰጠኋት ጣሳ ግን ሌላ አያያዝ ጠየቀ። እዚያ 1,200 ሜትር ላይ የከሰዓቱ ፀሐይ ቅጠሉን ያጠወልገዋል። ከግድግዳው በስተ ምሥራቅ፣ ከሰዓት ጥላ ወደሚሆነው በኩል አዛውራው ነው ያገገመው።

ስቆርጥ ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ ነው። እንጨት የሆነውን ግንድ አልነካም፤ ከዚያ ላይ ማቆጥቆጥ ይከብደዋል። ሽታው የሚመጣው ቲሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉ ዘይቶች ነው። ጠንካሮች ናቸውና ለእርጉዝ ሴት ሐኪም ሳትጠይቅ በብዛት አልሰጥም። ለተራ ሳልና ለሆድ ግን ቤታችን ይጠጣል። ጎረቤቴ አሁንም «ቁጢ (የቡና ቅጠል ሻይ) እያለ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን?» ትለኛለች፤ ጦስኙን ግን ሁለት ስኒ ትጠጣለች።

እሷም አንድ ጣሳ አላት አሁን። ከዘር አይደለም። ጦስኝ መሬት ላይ ሲተኛ ግንዱ ራሱ ሥር ያወጣል፤ እሱን ቆርጦ መትከል ከዘር በጣም ይቀላል። ስለዚህ በቅርባችሁ ጦስኝ ያለው ሰው ካወቃችሁ ዘር ፍለጋ አትድከሙ። ሥር ያወጣ ግንድ ለምኑ።