እንደ ዓረብኛ የሚነበበው ረድፍ

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ስሠራ፣ በአሮጌነት ከተገዛ የጨርቅ መለኪያ ማሽን ጋር የመጣ ኤል.ኤስ.አይ. 11 ኮምፒውተር ነበረን። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ያወጣው ዓይነት ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል። ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው ዲ.አር.ቪ. 11 የሚባል ፓራለል ካርድ ነበር። 16 የመረጃ መስመሮች ያስገባል፣ 16 ያስወጣል። ሮለሩ በዞረ ቁጥር ካርዱ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ይጠራል፤ ፕሮሰሰሩም የያዘውን ትቶ ይቆጥራል።

አንድ ቅዳሜ የጥጥ ብናኝ ላራግፍ ሳጥኑን ከፈትኩ። በታችኛው ረድፍ፣ ከፓራለል ካርዱ በስተቀኝ፣ ሁለተኛ ተርሚናል፣ ማለትም ቁልፍ ሰሌዳና ማሳያ፣ የሚያገናኝ ማንም የማይጠቀምበት ካርድ ነበር። ነቀልኩት። ያዘዘኝ አልነበረም፤ ትርፍ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም።

ሰኞ ጠዋት ጨርቁ ይሮጣል፣ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ተገትሯል።

ከተርሚናሉ 167774ን፣ ማለትም የካርዱን የመረጃ መቀበያ አድራሻ፣ ከፍቼ አየሁ። ሴንሰሩን በመዳፌ ስሸፍነው ቁጥሩ ይለወጣል። ካርዱ ያያል፤ አይጣራም እንጂ። እንግዲያው የጥሪ ቺፖቹ ሞተዋል ብዬ ፈረድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ካውያና ስታኞ ይዤ ስነቅል ስተክል ዋልኩ። ማክሰኞ ማታ እጄ ከበደና አንዲት ከፀጉር የማትወፍር የመዳብ መስመር ከቦርዱ ላይ ተልጣ ተጠቀለለች። ያን ምሽት እራት አልበላሁም።

ረቡዕ ካርዱን በጋዜጣ ጠቅልዬ በሚኒባስ ወደ ደሴ ወጣሁ። እንዲህ ዓይነት ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ ሰው እዚያ ነበሩ። ካርዱን አገላብጠው አዩና የተላጠችው መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይህን ማን አደረገው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ካርዱስ ምን አጠፋ? ሳጥኑ ውስጥ ከፊቱ ያለው ቦታ ባዶ ነው?»

«የለም ጋሼ፣ ፊቱ በግራ ነው፤ ባዶው በቀኙ፣ ከኋላው ነው።»

ሳቁ። «ለቅሶ ቤት የንፍሮ ሳህን በእጅ ለእጅ ሲተላለፍ አይተህ የለ? ካርዱ ሲጠራ ፕሮሰሰሩ ‹ሰምቻለሁ› የሚል መልስ ይልካል። መልሱ ከካርድ ወደ ካርድ እየተላለፈ ይሄድና የጠራው ይይዘዋል። መሀል ላይ አንዱ ከተነሳ ሳህኑ እዚያው ይቀራል። የሳጥንህ ረድፎች ደግሞ እንደ እባብ ይታጠፋሉ። አንዱን እንደ አማርኛ ካነበብከው ቀጣዩን እንደ ዓረብኛ አንብበው።»

ታችኛው ረድፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነበር የሚሄደው። ከኋላ ያልኩት ባዶ ቦታ ከፊት ነበር። መረጃውን ያነበብኩት ደግሞ ያለ ምንም እንከን ነው፤ ምክንያቱም የመረጃና የአድራሻ መስመሮች ለሁሉም ካርዶች የጋራ ናቸው፣ ቅብብል አያሻቸውም። ጤነኛ መስሎ የታየኝ ግማሹ ነው ያሳሳተኝ።

ጋሼ የተላጠችውን መስመር በቀጭን ቀይ ሽቦ ቀጠሉልኝ። ገንዘብ አልተቀበሉኝም። ማታውኑ ተመልሼ የማይረባውን የተርሚናል ካርድ ከመሳቢያዬ አወጣሁና በቦታው ሰካሁት። ቆጣሪው 1 አለ፤ 2 አለ።

የፈረቃው ኃላፊ ምን እንደቀየርኩ ጠየቁኝ። «ምንም» አልኳቸው።