መጀመሪያ ግድግዳህን እይ

በሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትቃጠል ሸዋ ሮቢት ነበርኩ። በጀውሃ በኩል በጭነት መኪና የመጡትን እናቶችና ሕፃናት ስናወርድ ባመሸንበት ዕለት፣ ከእንግዲህ ባዶ እጄን አልተኛም ብዬ ቆረጥኩ። ከማሾ ሽያጭ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ቆጠርኩና ክላሽ ልገዛ ተነሣሁ። በዚያ ሰሞን ክላሽ የሌለው አባወራ ቤተሰቡን እንደበተነ ይቆጠር ነበር።

በውትድርና ያረጀ አጎት አለኝ። ሳማክረው ስለ ገንዘቡም ስለ መሣሪያውም አልጠየቀኝም። «ልጄ፣ መጀመሪያ ግድግዳህን አይተኸዋል?» አለኝ። ነገሩ አልገባኝም።

መንዝ ያለው የአያቴ ቤት የድንጋይ ግድግዳ አለው፤ ውፍረቱ ክንድ ይሞላል። የእኛ የቆላዎቹ ቤት ግን እንጨት ቆሞ ጭቃ የተመረገ ነው። አጎቴ ለቀበሌው ሚሊሻ ካስታወቀ በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኝ ባዶ ቤት ወሰደኝ። ቤቱ ሰው ከለቀቀው ቆይቷል፤ ከኋላው ገደል እንጂ ሰፈር የለም። ከአባቴ በቀረው ቤልጅግ፣ በቤልጅግ አገር በተሠራ አሮጌ ጠመንጃ፣ ከሃያ እርምጃ ላይ ሆኖ አንድ ጊዜ ተኮሰ። ጥይቷ በገባችበት በኩል ትንሿን ጣቴን የምታስገባ ቀዳዳ አየሁ። በወጣችበት በኩል ግን ጭቃው እንደ ምጣድ ክብ ሆኖ ተገምሷል፤ ጭዱ ተንጠልጥሏል። ተሻግረን ሁለተኛውን ግድግዳ ስናይ እሱም ተበስቷል።

«ጋሼ፣ ክላሽ ቢሆንስ?» አልኩት።

«እሱንም ጭቃ አያቆመው።»

የዚያን ዕለት ማታ ከደጄ እስከ ጎረቤቴ ቤት በእርምጃ ለካሁ። ከጎረቤቴ ልጆች መኝታ የሚለየኝ አሥራ አንድ እርምጃና አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። በር ሰብሮ የሚገባ ሰው ብስት ማንን እንደምመታ ሳስበው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ በኋላ ምርጫው ሌላ መልክ ያዘ። ማካሮቭ ሽጉጥ ስምንት ጥይት ይጎርሳል፤ በጠባብ ቤት ለመያዝ ይመቻል፤ የጥይቱም ጉልበት ከጠመንጃው ያነሰ ነው። ነገር ግን ሽጉጥ ያለ ብዙ ልምምድ አይታዘዝም። እጅ ጥቂት ሲንቀጠቀጥ አፈሙዙ ብዙ ይዞራል፤ ማሳ ላይ የሚውል ሰው ደግሞ ለልምምድ ጊዜ የለውም። ክላሽ ሠላሳ ጥይት ይይዛል፤ አቧራም አይበግረውም። የማስጠበቂያው ዘንግ ግን ከላይ ሲሆን ይቆልፋል፣ መሃል ላይ ሲደርስ ተከታታይ ያደርገዋል፣ አንድ በአንድ የሚተኩሰው እስከ ታች ሲወርድ ነው። በጨለማ የደነገጠ ጣት ዘንጉን መሃል ላይ ቢያቆመው የሚወጣውን ጥይት ማን ይመልሰዋል? ደግሞም ክላሽ ታጣቂ ሁሉ የሚመኘው መሣሪያ ነው። ግርግር ሲነሣ አስቀድሞ የሚንኳኳው ክላሽ አለበት የተባለ ደጅ ነው።

ስለዚህ ክላሹን ትቼ የአባቴን ቤልጅግ ይዤ ቀረሁ። ከባድ ነው፣ ትከሻ ይመታል፣ አምስት ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ የ7.92 ሚሊ ሜትር ጥይቱንም እንደ ልብ አታገኘውም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ በፈቃድ እንዲያዝ ስለሚያዝ፣ ወደ ስሜ ለማዞር ወረዳ ብዙ ተመላልሻለሁ። የማሾው ገንዘብ ድንጋይ ሆነ። በልጆቼ መኝታ ዙሪያ እስከ ደረቴ የሚደርስ ካብ አሠራሁ፤ የጎረቤቴ ልጆችም መኝታ ወደ ጓሮው በኩል እንዲዛወር ለመንኩት፤ እሺ አለኝ።

አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ። አንድ ሌሊት ውሾች ሲጮኹ ጥይት አቀባበልኩ፤ ነገሩ ጸጥ ሲል ሳላወጣ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ጠዋት ልጄ ስትጠርግ ማንገቻውን ይዛ ስታወርደው ባለቤቴ ደረሰች። አልጮኸችም፤ ጠመንጃውን ቀስ አድርጋ ተቀበለቻትና «ና፣ የተውከውን አውጣ» አለችኝ። ጥይቷ መዳፌ ላይ ስትወድቅ ጉልበቴ ከዳኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥይት የሚያጎርሰውን ብረት እየሳብኩ አወጣውና ለብቻው እቆልፍበታለሁ። ቤልጅጉን የወደድኩት ከሁሉ በላይ በዚህ ነው፤ ያ ብረት ከሌለው ዱላ ነው።

ከባለቤቴ ጋር አስቀድመን ተነጋግረን ነበር፤ አንድ ሁለት ሌባ ከመጣ በሩን እይዛለሁ፣ ብዙ ሰው ወይም ጦር ከመጣ ግን ልጆቹን ይዘን እንወጣለን። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሮቢት ሲደርስ ለመከራከር ደቂቃ አላባከንንም። ብረቱን ኪሴ ከትቼ ጠመንጃውን እዚያው ደብቄ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን።

ስንመለስ በሩ ተነቅሏል፣ እህሉ ተወስዷል፣ ጠመንጃውም የለም። ካቡ እንዳለ ቆሟል። መጥፋቱን ለወረዳው አስመዝግቤ ያንን ብረት አስረከብኩ። በምትኩ ሌላ አልገዛሁም፤ በሩን ግን በብረት አሠራሁት።