ቴምፐርድ መስታወት ለምን አይቆረጥም?

ዛሬ ረፋዱ ላይ አንዲት እናት ወደምሠራበት መስታወት ቤት መጥተው፣ ለሻወራቸው የገዙት ባለ 10 ሚሊሜትር ቴምፐርድ (በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ) መስታወት 2 ሴንቲሜትር ስለበለጠባቸው ከጎኑ እንድቀንስላቸው ጠየቁኝ። «እማማ፣ ይህ አይቆረጥም» ስላቸው ዋጋ ለመጨመር የፈለግሁ መስሏቸው ቅር አላቸው፤ አልፈረድኩባቸውም፤ ሲሸጥላቸው ሊነገራቸው ይገባ ነበር።

ቴምፐርድ መስታወት የሚሠራው በልኩ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተሞርዶና ቀዳዳው ተበስቶ ካለቀ በኋላ፣ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ በድንገት በአየር እንዲቀዘቅዝ በማድረግ ነው። ውጪው ቀድሞ ስለሚረጋ ገጹ ይጨመቃል፣ መሐሉም ይወጠራል፤ ጥንካሬው ከዚህ ኃይል የመጣ በመሆኑ ለመቁረጥ ሲሞከር የሚፈጠረው ስንጥቅ ወደ መሐል የዘለቀ እንደሆነ መላው መስታወት በአንድ ጊዜ ደቅቆ ይረግፋል።

ተራው መስታወት ግን ይታዘዛል። ላምባ የነካት የመቁረጫዋ ትንሽ መንኮራኩር ከዳር እስከ ዳር ሳትቋረጥ፣ በእኩል ግፊት ገጹን ትጭራለች፤ ጭረቱ የሰመረ ሲሆን ሸማ ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ቀጭን ድምፅ አለው፣ እኔም ከዓይኔ ይልቅ ጆሮዬን አምናለሁ። በዚያው መስመር መድገም መቁረጫውንም መስታወቱንም ያበላሻል።

ለእማማ መስታወቱን እንዲያስቀይሩ መከርኳቸው። ግድግዳ ቀጥ ብሎ ስለማይገኝም ከማዘዛቸው በፊት ክፍተቱን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች አስለክተው ጠባቡን ልክ እንዲይዙ፣ ለማጠፊያና ለጎማውም ቦታ እንዲተዉ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው።