«ማን ነፈገኝ?»

ጓሮ ያለው ባቄላ ውርጭ መቶት አደረ። ጠዋት ስወጣ ቅጠሉ የፈላ ውሃ እንደተደፋበት ጠቁሮ ተኝቷል። የመንዟ መሐል ሜዳ ጥቅምት ሲገባ እንዲህ ናት፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ካመሸ ሌሊቱ ያስፈራል። ቀኑን ሙሉ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ዋለ።

ማታ ታናሽ እህቴ ለነጻ ትምህርት ዕድል የምታስገባውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይዛ መጣች። «እትዬ፣ እስኪ እዪልኝ።» ስለ ቤታችን ኑሮ ነው። «ዊ አር ላክ ኦፍ ዎተር» ብላ ትጀምራለች። «ላክ»፣ ማጣት ማለት ነው፣ ግስ ሲሆን «አር»ም «ኦፍ»ም አይፈልግም፣ «ዊ ላክ ዎተር» ይበቃል አልኳት። «ዘ ፑርስ» ካለችው ላይ «ኤስ»ን ሰረዝኩ፤ «ዘ ፑር» ብቻውን ድሆች ማለት ነው። ቁርስ ሳትቀምስ ትምህርት ቤት የሄደችበትን ቀን ደግሞ «ፋሚን» ብላዋለች። ፋሚን አገር የሚመታው ነው፤ የአንድ ሰው ሆድ ባዶ ሲሆን «ሃንገር» ይባላል። አልፈረድኩባትም፣ እኛ ሁለቱንም ረሃብ እንላለን። ችጋር የሚለውን ቃል ከአያታችን ከእሜቴ አፍ ካልሆነ የት ትሰማዋለች?

«አይ አም ሃንግሪ» ላይ ስደርስ እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲርበው «አይ አም» ብሎ ይጀምራል፣ መምህር ነኝ፣ ረጅም ነኝ እንደሚለው። እኛ ግን ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ቸገረኝ ነው የምንለው። አድራጊው ረሃቡ ነው፤ እኔ የመጣብኝ ነኝ። እንደመጣ ይሄዳል። ይህን እወደዋለሁ።

መጨረሻ ላይ አያታችን በ1984፣ ማለትም በእኛ በሰባ ሰባት፣ «ዲፕራይቭድ ፍሮም ፉድ» ነበሩ ትላለች። «ፍሮም»ን «ኦፍ» አደረግሁት፤ ሰዋስዉ ተስተካከለ። እሜቴ ምድጃው ዳር ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዳምጡ ኖሯል፣ ምን እንዳለች ጠየቁኝ።

«እሜቴ በሰባ ሰባት ምግብ ተነፍገው ነበር ነው የምትለው» አልኳቸው።

«ማን ነፈገኝ?» አሉ።

ሁለታችንም ዝም አልን። እሳቸው ሞሰቡ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በመዳፋቸው ጠራርገው አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ሁልጊዜ እንዲሁ ናቸው፣ ጠግበውም ቢሆን። ከዚያ ቀስ ብለው፦ «በልጉ ቀረ። ክረምቱም ቀረ። ለዘር ያስቀመጥነውን ገብስ ቆልተን በላነው። ጎረቤት እንኳ ከራሱ ቀንሶ ግማሽ ጣሳ ሽሮ ልኮልኛል። እጅ አጥሮን ነበር እንጂ ማንም አልነፈገኝ።»

በእኛ ቋንቋ የሚነፍግ እያለው የሚከለክል ነው። በእንግሊዝኛው ግን ነፋጊው ሳይጠራም ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፣ ማንም አይጠይቅም። ዝናቡ ነው? ወይስ እህል እያለው ያላደረሰ አለ? እሜቴ ያዩት ጎረቤታቸውን ነው፤ ከጎረቤት ወዲያ ያለውን ማን ነገራቸው? «ሃርድሺፕ»፣ መከራ፣ ብዬ ልለውጠውም አሰብኩ። ግን ሃርድሺፕ ብርድም ነው፣ የመንገድ ርቀትም ነው፣ የቤት ኪራይም ነው። የዘር ገብስ ብረት ምጣድ ላይ ሲንጣጣ ያለውን ድምፅ አይዝልኝም።

ታናሿ ተኝታለች። «ዲፕራይቭድ» ላይ መስመር አሰመርኩበት፣ ከበላዩ ግን ምንም አልጻፍኩም። እጅ አጥሮን ነበር የሚለውን እነሱ እንዴት ይሉት ይሆን?