የዘጋሁት በር

የስድስት ሰዓቱን የባሕር ዳርቻ መንገድ አልተርከውም፤ ከጉዞው ሁሉ እስካሁን የሚያሳፍረኝ የአንድ በር ነገር ነው። ኬልፕ የተባለው ትልቅ የባሕር አረም የሚራባበት ችግኝ ማፍያ የእንግዳ ማረፊያ ስላልነበረው አልጋ የተዘረጋልኝ ከውሃ ማከማቻው ጋር በበር በምትገናኝ ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር።

ማታ የጣቢያው ባለሙያ ጥቁሩን ታንከር ከፍተው አሳዩኝና ወዲያው ከደኑት። እስከ 1 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ተጣርቶ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ያለፈው 1000 ሊትር የባሕር ውሃ ብርሃን ካገኘ፣ ከማጣሪያው ያመለጡ ጥቂት ዳያቶሞች፣ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ አልጌዎች፣ ተራብተው ገመድ ላይ ገና እንደ ቡናማ ሻጋታ የሚታየውን ችግኝ ይውጡታል። ጠዋት የችግኞቹ ውሃ ይለወጣል፤ አዲሱ ውሃ ድንገት እንዳያስደነግጣቸው እንደ እነሱ 10 ዲግሪ መሆን ነበረበት፤ ታንከሩ ውስጥ ግን ገና 18 ነበር። ስለዚህ ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ውሃው የሚያልፍበት ቱቦ ቲታኒየም ነው፤ መዳብ ቢሆን ጨው ይበላዋል፣ የሚሟሟውም መዳብ ችግኙን ይመርዛል።

እኔ የሰዓት ቆጣሪ ድምፅ እንኳ እንቅልፍ የሚነሣኝ ሰው ነኝ። የማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር በየጊዜው እየተንዘረዘረ ሲነሣ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ታገሥሁ፤ ከዚያ ተነሥቼ በሩን ዘጋሁትና ጣፋጭ እንቅልፍ ተኛሁ።

ሲነጋ ቴርሞሜትሩ 14 ይላል፤ ማቀዝቀዣው ጸጥ ብሏል።

«በሩን እርስዎ ነዎት የዘጉት?» አሉኝ ባለሙያዋ፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ቢቆጡ ግን ይሻለኝ ነበር። ማቀዝቀዣ ሙቀትን አያጠፋም፤ ከውሃው አውጥቶ ወደ ክፍሉ አየር ይጥለዋል እንጂ። ያን ሁሉ ውሃ በ8 ዲግሪ ማቀዝቀዝ 9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ማውጣት ነው፤ መሣሪያው ራሱ የሚበላው ኤሌክትሪክም ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጨመርበታል። መስኮት የሌለው ክፍል መውጫው የእኔ በር ብቻ ነበርና፣ ማቀዝቀዣው የራሱን ትኩስ አየር ሲስብ ቆይቶ ራሱን ለማዳን ቆመ።

በበቂ ሳይቀዘቅዝ ያደረው ውሃ ባክቴሪያ ሊያፈራ ስለሚችል እንደገና በመብራቱ ሥር አሳለፉት። እኔም በሩን ከፍቼ እንዳይዘጋ በድንጋይ አስደገፍሁት፤ አውቶቡሴ ረፋድ ላይ ያለ እኔ ሄደ። ቴርሞሜትሩ 10 ሲል እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር።